ውሃው ሳይደርስ፦ የአማዞን ወንዝ ዳር ቤተሰብ የሙላቱን ወራት እንዴት ይሻገራል

በብራዚል አማዞናስ ግዛት፣ ሶሊሞይስ በሚባለው የአማዞን ወንዝ ክፍልና በገባሮቹ ዳር የሚኖሩት ሪቤይሪኞ የሚባሉ ቤተሰቦች ዓመታቸውን የሚቆጥሩት በውሃው ነው። ወንዙ በዲሴምበር ገደማ መሙላት ይጀምራል፣ በሜይና በጁን ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያ እየጎደለ ሄዶ በኦክቶበርና በኖቬምበር መጨረሻው ድረስ ይወርዳል። (ወራቱና ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በግዛቱ ዋና ከተማ በማናውስ ወደብ ከ1902 ጀምሮ በተያዘው መዝገብ መሠረት በአንድ ዓመት ውስጥ በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ 10 ሜትር ያህል ነው። በጁን 2021 መለኪያው 30.02 ሜትር አሳየ፤ በኦክቶበር 2024 ደግሞ 12.11 ሜትር። ሁለቱም ከዚያ በፊት ያልታዩ ነበሩ። አንዱ ቤትና እርሻ ያሰጥማል፤ ሌላው ታንኳውን ጭቃ ላይ አስቀምጦ መንደሩን ከሐኪምና ከገበያ ይቆርጠዋል።

የእነዚህ ቤተሰቦች ችግር የሚብሰው የሚገኘውና የሚያስፈልገው በጊዜ ስለማይገናኙ ነው። ውሃው ሲጎድል ዓሣ በየኩሬው ይታጎርና እንደልብ ይያዛል፤ ግን ሁሉም ስለሚይዝ ዋጋው ይወድቃል። ውሃው ሲሞላ ዓሣው በሰመጠው ደን ውስጥ ይበተናል፣ መረብ ባዶውን ይወጣል፣ እርሻው ውሃ ውስጥ ነው። ያኔ ሬጋታዎ የሚሉት ተዘዋዋሪ ነጋዴ በጀልባው መጥቶ ዱቄት፣ ስኳርና ነዳጅ በዱቤ ይሰጣል፤ ክፍያውን በሚቀጥለው ምርት፣ ራሱ በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል። ይህ አሠራር በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የጎማ ዛፍ ወተት ንግድ በደመቀበት ዘመን የተስፋፋ ነው። ከዕዳው የሚያድነው በኤፕሪል መደርደሪያ ላይ ያለው ስንቅ ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ ለመድረስ የሚሠራ ሥራ ነው።

ስንት ዱቄት ይበቃል?

ዋናው ስንቅ ፋሪኛ ነው፤ ከመራራ ካሳቫ የሚሠራ፣ ተነክሮ፣ ተጨምቆና ተቆልቶ የደረቀ፣ ቅንጣት ቅንጣት ያለው ዱቄት። ከዓሣ ጋር ይበላል፣ መረቅ ላይ ይነሰነሳል፣ ሌላ ነገር ሲጠፋ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል።

ለአንድ ሰው በቀን 300 ግራም ብላችሁ ያዙ። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በቀን 1.8 ኪሎ፣ በአራት ወር 216 ኪሎ ይፈልጋል። ከ100 ኪሎ እርጥብ ሥር የሚገኘው ከ25 እስከ 30 ኪሎ ፋሪኛ ስለሆነ ለዚህ ከ720 እስከ 860 ኪሎ ሥር መነቀል አለበት። ይህ ለመብል ብቻ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይና ነዳጅ የሚገዛበት ከዚህ በላይ የሚሸጥ መኖር አለበት። ብዙ ቤቶች የሚሳሳቱት መጀመሪያ ሸጠው የተረፈውን ስለሚያስቀምጡ ነው። የቤቱ ድርሻ ተመዝኖ ተለይቶ ከተቀመጠ በኋላ ቢሸጥ ይሻላል፤ በጁን የሚገዛ ፋሪኛ በፌብሩዋሪ ከተሸጠበት ዋጋ እጅግ ይወደዳልና።

መሬቱና ግንዱ

ቫርዚያ የሚባለው ውሃ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ ነው። ወንዙ ከአንዲስ ተራሮች ይዞት የመጣው ደለል በየዓመቱ ስለሚያድሰው ማዳበሪያ አይፈልግም። ቴራ ፊርሚ የሚባለው ውሃ የማይደርስበት ከፍተኛ መሬት ነው፤ አፈሩ ደካማ ነው፣ ካሳቫው ግን ሳይቸኩል ከአንድ ዓመት በላይ መሬት ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱንም ማግኘት የሚችል ቤተሰብ ሁለቱም ላይ ይትከል። ቫርዚያ ብቻ ያለው ደግሞ በስድስት ወር የሚደርሱ ዝርያዎችን መርጦ ከወንዙ ዳር ባለው ከፍ ያለ ጀርባ ላይ ይትከል፤ መጨረሻ የሚሰምጠውና መጀመሪያ ብቅ የሚለው እሱ ነው።

የሚተከለው ማኒቫ የሚሉት ግንድ ነው። ከበሰለ ተክል መካከለኛ ክፍል፣ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ ከአምስት እስከ ሰባት ቡቃያ ያለበት። ጫፉ ለጋ ስለሆነ ይደርቃል፤ ሥር አካባቢ ያለው እንጨት ስለሆነ ይዘገያል። በአንድ ሜትር ርቀት ይተከላል። በቫርዚያ ከባዱ ነገር ግንዱን በሙላቱ ወራት ማቆየት ነው፦ ረጃጅሙን ሳይቆራርጡ ማሰር፣ ጥላ ሥር ማቆም፣ ታችኛውን ጫፍ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል አፈር ማልበስ። ውሃ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ አፈር በተሞላ አሮጌ ታንኳ ውስጥ ይቆማል። ሁለት ወር ካለፈው የመብቀል ኃይሉ እየደከመ ይሄዳልና ከፊሉን ቴራ ፊርሚ ላይ ባለ ዘመድ እርሻ ማስቀመጥ ይበጃል። ግንዱ የጠፋበት ቤት ዓመቱን ሙሉ ጠፋበት ማለት ነው።

ውሃው ከተለመደው ቀድሞ ከመጣ መጠበቅ አይቻልም። ሥሩ ውሃ በጠገበ አፈር ውስጥ በቀናት ውስጥ ይበሰብሳል። ያኔ ደቦ ይጠራል፤ እነሱ አጁሪ ይሉታል። ባይጠነክርም ይነቀላል፣ ተጭኖ ይመጣል፣ የሁሉም ካሳቫ በተራ ይሠራል።

መርዙን ማውጣት

መራራ ካሳቫ ሲያናይድ የሚያመነጭ ሊናማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ሊናማሪኑ ብቻውን ሳይፈርስ ይቀመጣል፤ ሥሩ ሲቆረጥ፣ ሲፈቀፈቅ ወይም በውሃ ሲበሰብስ ግን እዚያው ሥሩ ውስጥ ካለ ኢንዛይም ጋር ይገናኝና ሲያናይዱ ይለቀቃል። የተለቀቀው ሲያናይድ በ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይተናል። አሠራሩ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው፦ መጀመሪያ ሥሩን ማፍረስ፣ ለኢንዛይሙ ጊዜ መስጠት፣ ከዚያ በውሃ፣ በጭመቃና በእሳት ማስወጣት። ቅደም ተከተሉን ያፋጠነ ሰው መርዙን እዚያው ቆልፎ ያስቀረዋል። ብዙ ሰው እሳት ሁሉን ያነጻል ብሎ ያስባል፤ እዚህ ላይ ግን ገና ያልፈረሰ ሥር ቶሎ ቢቀቀል የሚሞተው ኢንዛይሙ ነው፣ ሊናማሪኑ ይቀራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ። ማካሼራ የሚባለው ጣፋጭ ካሳቫ ተቀቅሎ ይበላል፣ መራራው አይበላም፤ በዓይን ግን ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ በተለያየ ቦታ ይተከላሉ። ከየት እንደተነቀለ የማይታወቅ ሥር እንደ መራራ ይቆጠር። ድርቅ የመታው ተክል ደግሞ መርዙ ይበረታል።

ሥሩ ከተነቀለ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ውስጡ ይጠቁራል፤ ስለዚህ የሚነቀለው በአንድ ዙር የሚሠራውን ያህል ብቻ ነው። በጆንያ ተደርጎ ወንዝ ውስጥ ይነከራል፣ ወይም ውሃ በተሞላ አሮጌ ታንኳ ውስጥ ይጨመራል። ቦታው ሁልጊዜ የመጠጥ ውሃ ከሚቀዳበት በታች በኩል ይሁን። ከሦስት እስከ አራት ቀን ይቆያል። መድረሱ የሚታወቀው በእጅ ነው፦ ሥሩን በአውራ ጣት ስትጫኑት ልጡ ሸርተት ብሎ ይወልቃል፣ ሥጋው እንደ ራሰ ሳሙና ይሰረጉዳል፣ ሽታው ጎምዘዝ ያለ ነው። መሐሉ ላይ ጠንካራ እምብርት ካለ አንድ ቀን ይጨመርለት። ከልክ በላይ ከቆየ ግን ይሟሟና ግማሹ በውሃ ይሄዳል፣ ሽታውም ከዱቄቱ አይለቅም።

የተላጠው ይፈቀፈቃል። ድሮ ምስማር በተመታበት ሳንቃ ነበር፤ አሁን በብዙ ቦታ ካይቲቱ የሚሉት ጥርስ ያለው ተሽከርካሪ ግንድ በትንሽ ሞተር ይዞራል። ካይቲቱ ጣት ይቆርጣል። የመጨረሻዋ ቁራጭ ሁልጊዜ በእንጨት ትገፋ እንጂ በእጅ አይሁን፤ ልጆች አጠገቡ አይቁሙ።

ቀጥሎ ጭመቃው ነው። ቲፒቲ አሩማ ከሚባል ተክል ልጥ የተጠለፈ፣ ሁለት ሜትር ያህል የሚረዝም፣ እንደ ቱቦ ያለ ከረጢት ነው። አጠላለፉ ሰያፍ ስለሆነ ሲሰበሰብ ይሰፋል፣ ሲወጠር ይጠብባል። ሰብስባችሁ ሊጡን በላዩ ትሞላላችሁ፤ ያኔ አጭርና ወፍራም ሆኖ ይታያል። የላይኛው ማንጠልጠያ የጣራ ወጋግራ ላይ ይገባል፣ በታችኛው ቀለበት ረጅም እንጨት ይሾልካል፣ የእንጨቱ አንድ ጫፍ ግንድ ሥር ይሰካል፣ ሌላው ላይ ድንጋይ ይጫናል ወይም ሰው ይቀመጥበታል። ከረጢቱ እየተሳበ ይቀጥናል፣ ቢጫው ጭማቂ በየቀዳዳው ይንጠባጠባል። ነጠብጣቡ ሲሳሳ ክብደት ይጨመራል። ሲወጣ ሊጡ በእጅ ሲጨብጡት ተይዞ የሚቆይ፣ ሲነኩት የሚፈረፈር መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ ምጣድ ላይ ይጓጉላል፣ እንጨትም ይበላል። ቲፒቲው ከሥራ በኋላ ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰቀላል፤ ሻግቶ ከተበጠሰ የሚጠልፍ ሰው ማግኘት በየመንደሩ ቀላል አይደለም።

ጭማቂው አደገኛ ነው። ዶሮም አሳማም ጠጥቶት ይሞታል፤ ልጅም እንዲሁ። ከምድር ከፍ ብሎ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ። ለጥቂት ሰዓት ሳይነካ ሲቆይ ነጭ ስታርች ከሥሩ ይዘቅጣል፤ ይህ በፖርቱጋልኛ ጎማ የሚሉት ነው (ከጎማ ዛፍ ጋር አይገናኝም)፣ ታጥቦ ቂጣ ይጋገርበታል። ከላይ የቀረው ቢጫ ፈሳሽ ቢያንስ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ክፍት በሆነ ድስት፣ አየር በሚገባበት ቦታ ለረጅም ሰዓት ይፈላል፤ ያኔ ቱኩፒ ሆኖ ዓሣ ይሠራበታል። በተዘጋ ማድ ቤት ውስጥ እንፋሎቱ ላይ ማጎንበስ ራስ ያዞራል። ካሳቫ ከበላ ወይም ጭማቂውን ከቀመሰ በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማስመለስ የጀመረው ሰው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

የተጨመቀው ሊጥ ይፈረፈርና በወንፊት ይነፋል። ከዚያ ምጣድ። ምጣዱ ከብረት ወይም ከመዳብ የተሠራ፣ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ስፋት ያለው፣ በጭቃ ግድግዳ ላይ የተቀመጠ ነው። መቁላቱ በሁለት ደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ እሳቱ መካከለኛ ነው፤ ምጣዱ ላይ ጣል ያደረጋችሁት ቁንጥር ሊጥ ሳይጠቁር ቀስ እያለ መንጣት አለበት። ሊጡ ይተናል፣ ትንንሽ ጓል ይሠራል፣ ረጅም እጀታ ባለው የእንጨት ማማሰያ ሳያቋርጡ ያገላብጡታል። ከዚያ ወጥቶ እንደገና ይነፋል። በሁለተኛው ዙር እሳቱ ይጠነክርና እስኪደርቅ ይቆላል። ጆሮ እዚህ ላይ ከዓይን ይበልጣል፦ ሲጀመር ማማሰያው ሥር ድምፅ የለውም፣ እየደረቀ ሲሄድ ሹክሹክ ይላል፣ ሲደርስ ደረቅ አሸዋ በቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ ይንሿሿል። ጥርስ ውስጥ ጠብ ብሎ መሰበር አለበት።

ትልቁ ስህተት መጀመሪያ ላይ እሳት ማብዛት ነው። የቅንጣቱ ውጭ ይጠበሳል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጆንያው መሐል ይሻግታል። ሁለተኛው ስህተት ትኩሱን ማሸግ ነው፤ ጆንያው ውስጥ ያልበዋል። በንጹሕ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ውስጡ ፕላስቲክ በለበሰ ጆንያ ይታሰርና ከወለል ከፍ ባለ፣ የማድ ቤት ሙቀት በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። በወር አንድ ጊዜ አንድ ጆንያ ተከፍቶ ይሽተት። ከረጠበ፣ ገና ሳይሻግት፣ እንደገና መቁላት ያድነዋል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከታየበት ያ ክፍል ይጣላል። ማገዶውም አብሮ መታሰብ አለበት፤ በማርች ደረቅ እንጨት የለም፣ ስለዚህ በሴፕቴምበር ተቆርጦ ከጣራ ሥር ይደረደራል።

ዓሣ፦ በጉድለቱ ማድረቅ፣ በሙላቱ መፈለግ

ጨው ከዓሣው ቀድሞ ቤት ይግባ። ዓሣ በተትረፈረፈበት ሰሞን ጨው ያለቀበት ቤተሰብ ያገኘውን በዚያው ቀን ለመጣለት ነጋዴ በፈለገው ዋጋ ይሸጣል። ለአራት ኪሎ የጸዳ ዓሣ አንድ ኪሎ ሻካራ ጨው ይያዝ። ዓሣው በጀርባው በኩል ተሰንጥቆ ጠፍጣፋ ይከፈታል፤ ትልቁ ከሁለት ሳንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት እንደ ቋንጣ ይዘለዘላል። ደሙ ይታጠባል። ጨው ተሻሽቶ ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ይቆለላል፣ ውሃው እየፈሰሰ ያድራል። በማግስቱ ከላይ ያለው ወደ ታች ተደርጎ ይገለበጣል። ከዚያ በእንጨት ላይ ለፀሐይ ይሰጣል፤ ጤዛና ዝናብ ሳያገኘው በየማታው ይሰበሰባል። ሦስት አራት ፀሐያማ ቀን ይፈጃል። አጥንቱ አጠገብ ከሸተተ ጨው አልዘለቀውም ማለት ነው። ላዩ ላይ ሮዝ ቀለም ከወጣ ጨው የሚወድ ባክቴሪያ ይዞታልና ከሌላው ይለይ።

ሕጉን አለማወቅ መረብና ሞተር ያስወስዳል። ታምባኪ የሚባለው ዓሣ ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 አይያዝም፤ በተፈቀደው ጊዜም ከ55 ሳንቲ ሜትር ያነሰው ይመለሳል። በዓለም ካሉት ትልልቅ የወንዝ ዓሦች አንዱ የሆነው ፒራሩኩ ደግሞ በአማዞናስ ግዛት የሚያዘው በተፈቀደ የጋራ አስተዳደር ኮታ ብቻ ነው። ይህ አሠራር በማሚራዋ ጥብቅ ክልል በ1999 ተጀምሮ ወደ ሌሎች ሐይቆች ተዛመተ። ፒራሩኩ አየር ለመተንፈስ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ ስለሚወጣ ሊቆጠር ይችላል። ቆጣሪዎች ሐይቁን ይከፋፈላሉ፣ ታንኳቸውን አቁመው ድምፅ ሳያሰሙ ለ20 ደቂቃ የወጣውን ይቆጥራሉ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋሉ። ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ያለው በአንድ ዝርዝር፣ ከዚያ በላይ ያለው በሌላ ይመዘገባል። ልምድ ያለው ዓሣ አጥማጅ መጠኑን ከጀርባው አወጣጥና ከሚያሰማው ድምፅ ያውቃል። ከትልልቆቹ እስከ 30 በመቶው ብቻ ይያዛል። ይህን ሥራ ብቻውን የሚሠራ ቤተሰብ የለም፤ ሐይቁን በየሌሊቱ በተራ መጠበቅ፣ ቆጠራውን ማካሄድ፣ በረዶና ጀልባ በጋራ መከራየት ይጠይቃል። ክፍያው ግን በአንድ ወቅት ጠቅለል ብሎ ይመጣል፤ ዕዳ የሚዘጋበት እውነተኛ ገንዘብ ነው።

በሙላቱ ወራት መረብ ብዙም አይረዳም። ዓሣው ፍሬ ፍለጋ ወደ ሰመጠው ደን ገብቷል። ስለዚህ ዓሣውን ትቶ ዛፉን መፈለግ ነው፦ የጎማ ዛፍ ፍሬው ሲፈነዳ፣ የጃዋሪ ዘንባባ ሲያረግፍ፣ ታምባኪ ከሥሩ ይጠብቃል። ያንኑ ፍሬ መንጠቆ ላይ ሰክቶ፣ ታንኳውን ከግንዱ ጋር አስሮ፣ ፍሬ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ እንዲመስል ውሃውን በዘንግ ጫፍ እየመቱ መጣል።

ቤቱ

ቤቱ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ነው። ውሃው ጫፍ በደረሰ ቀን ምሰሶው ላይ በቢላ ምልክት ይደረግና ዓመቱ ይጻፍበት። ወለሉ ቢያንስ ከታየው ትልቁ ምልክት በላይ ይሁን። ውሃው ወለሉን ካለፈ ማሮምባ ይሠራል፤ ቤት ውስጥ ከወለሉ በላይ ተጨማሪ የሳንቃ ወለል ይነጠፋል። ሳንቃው፣ ምስማሩና አግዳሚው በማርች መዘጋጀት አለበት፤ ውሃ ከገባ በኋላ ሳንቃ መፈለግ በታንኳ እየዞሩ መለመን ይሆናል። ወለሉ ከፍ ሲል ጣራው ይቀርባልና መሐሉ ላይ እሳት አይነድም።

በዚህ ጊዜ ከረሃብ ይልቅ የሚያስፈራው የሕፃናት መስጠም ነው። ደጁ ወንዝ ሆኗል። በር ላይ ሕፃን የማይሻገረው ሳንቃ ይመታ፣ የወለሉ ክፍተት ይደፈን። እባብም ደረቅ ቦታ ፍለጋ ቤት ይገባል፤ ማታ ያለ ባትሪ አይወረድ፣ ጫማ ይራገፍ፣ አልጋው በአጎበር ይሸፈን። አጎበሩ ከእባቡ በላይ ለወባ ትንኝ ያስፈልጋል። ለዶሮዎች ከፍ ያለ ቆጥ ይሠራል። አፈር የተሞላ አሮጌ ታንኳ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ የሽንኩርት ቅጠልና ድንብላል ይበቅልበታል።

ውሃ መጠጣት

በውሃ ተከበው የሚጠጣ ውሃ የሚያጡበት ወቅት ይህ ነው፤ ሽንት ቤቱም ከብቱ የቆመበትም ሜዳ ሰምጧል። የሶሊሞይስ ውሃ ደለል ስለሚበዛበት በጀሪካን አድሮ ይዝቀጥ፣ ላይኛው በታጠፈ ንጹሕ ጨርቅ ይጥለል። ከዚያ የጤና ሠራተኞች በነጻ የሚያድሉት 2.5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ለአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ ይጨመርና 30 ደቂቃ ይቆይ። ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ነው። የደፈረሰ ውሃ ላይ መጨመር ብክነት ነው፤ ክሎሪኑን ደለሉ ይበላዋል፣ ጀርሙ ይተርፋል። መድኃኒቱ ካለቀ ማፍላት።

የዝናብ ውሃ ይሻላል። አንድ ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ከአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ይሰጣል፤ 20 ካሬ ሜትር ጣራ ከ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 200 ሊትር፣ ማለትም አንድ በርሜል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚያጥብ ይፍሰስ። ከሣር ክዳን የሚወርደው ለልብስ እንጂ ለመጠጥ አይሁን። በርሜሉ ይከደን፣ ካልሆነ ትንኝ ይራባበታል።

ጀልባና ድንገተኛ ጉዞ

ሞተሩ በጀልባው ሆድ ተቀምጦ ዘንጉ በወለሉ ላይ እስከ ኋላ የሚዘልቅበት ጀልባ ከባድ አደጋ አለው። የሴት ልጅ ረጅም ፀጉር በሚሽከረከረው ዘንግ ከተጠቀለለ የራስ ቆዳዋን ገንጥሎ ይወስደዋል። ይህ በአማዞን በተደጋጋሚ የደረሰ ስለሆነ በ2009 የወጣ የብራዚል ሕግ ሞተሩና ዘንጉ መሸፈን አለበት ይላል። መከለያ እስኪገባ ድረስ ሞተሩ እየሠራ ጀልባው ውስጥ የገባውን ውሃ መቅዳት አይደረግ፣ ፀጉር ተጠቅልሎ በኮፍያ ይያዝ፣ ልጃገረዶች ከሞተሩ ርቀው ይቀመጡ።

ወደ ከተማ ደርሶ መልስ የሚበቃ ነዳጅ በተለየ ጀሪካን ተመልክቶበት ይቀመጥ፤ ለዓሣ ማጥመጃ አይነካ። ጃራራካ የሚባለው እባብ የነደፈው ሰው የሚድነው በፀረ መርዝ መድኃኒት ነው፣ መድኃኒቱም ያለው ከተማ ነው። እግሩን ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ መቁረጥና መምጠጥ ጉዳቱን ያብሳሉ። ቀለበትና ጠባብ ጫማ ይወልቅ፣ እግሩ ሳይንቀሳቀስ ይጋደም፣ ጉዞው ወዲያው ይጀመር። በጉድለቱ ወራት አሸዋ ላይ የሚተኛው ራያ የሚሉት መርዛማ ዓሣ ከወጋ ግን እግሩን ሰው በሚችለው ሙቅ ውሃ መንከር ሕመሙን ያቀልላል። ከመወጋቱ በፊት መፍትሔው እግርን ሳያነሱ አሸዋውን እየገፉ መሄድ ነው፤ ዓሣው ሸሽቶ ይለቃል።

ዕዳና መብት

ከሬጋታዎው ጋር ጨርሶ መለያየት ለብዙዎች አይቻልም፤ መንደሩ ደጃፍ ድረስ የሚመጣ ሱቅ እሱ ብቻ ነው። የሚቻለው ሒሳቡን ማወቅ ነው። የተወሰደው ዕቃ፣ ብዛቱ፣ ዋጋውና ቀኑ በቤተሰቡም ደብተር ይጻፍ፤ የተሰጠው ፋሪኛና ዓሣም በራስ ሚዛን ተመዝኖ። ማንበብ የሚችል ልጅ ካለ ይህ የእሱ ሥራ ይሁን። አሥር ቤት አንድ ላይ ወደ ከተማ ቢጭን የነዳጁ ወጪ ይከፋፈላል፣ ዋጋም መደራደር ይቻላል።

የመንግሥት ድጋፍን በተመለከተ፣ ቦልሳ ፋሚሊያ በሚባለው የድሃ ቤተሰቦች ድጎማ ለመግባት የነፍስ ወከፍ ገቢ በወር ከ218 ሪያል (የብራዚል ገንዘብ) መብለጥ የለበትም። ለቤተሰብ ቢያንስ 600 ሪያል፣ ከሰባት ዓመት በታች ላለ ለእያንዳንዱ ልጅ ተጨማሪ 150 ሪያል ይከፈላል። የቤተሰቡ ምዝገባ በየሁለት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ብዙ ወንዝ ዳር ቤት ድጋፉን የሚያጣው ይህች ቀን ስታልፍ ነው። ያልተወሰደ ክፍያ ለ120 ቀን ስለሚቆይ በየወሩ ነዳጅ አቃጥሎ መሄድ አያስፈልግም፤ የሁለት ሦስት ወሩን በአንድ ጉዞ ማውጣት ይቻላል። ማጥመድ በሚከለከልበት ወቅት ደግሞ የተመዘገበ ዓሣ አጥማጅ በወር አንድ ዝቅተኛ ደመወዝ ያገኛል፤ በ2025 ይህ 1,518 ሪያል ነበር። ምዝገባው ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ስለዚህ ዕድሜው የደረሰ ልጅ ለማጥመድ ሲወጣ ያኔውኑ ይመዝገብ። ሚስትም አብራ የምታጠምድ ከሆነ በስሟ። የባንክ ካርድ ነጋዴው ጋር ለዕዳ መያዣ ተብሎ መተው የለበትም። ካርዱን የያዘ ሰው ቤተሰቡንም ይይዘዋል።

ውሃው ሲመለስ

ጭቃውን ውሃ እያፈሰሱ ለመግፋት ቀላሉ ጊዜ ውሃው ወለሉን የለቀቀበት ቀን ነው፣ ጭቃው ሳይደርቅ፤ ከደረቀ በአካፋ ይፋቃል። ጫማ ሳይደረግ ጭቃው ውስጥ አይገባ፤ በአይጥ ሽንት የሚተላለፈው ሌፕቶስፓይሮሲስ በዚህ ጊዜ ይይዛል። ምሰሶዎቹ በመዶሻ እየተመቱ ይፈተሹ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሥሩ በስብሷል።

የወጣው አሸዋማ ዳርቻ ላይ ሐብሐብና ባቄላ መሰል አጭር አዝመራ ቶሎ ይዘራል። ካሳቫው ደግሞ ከፍ ባለው ጀርባ ላይ፣ አፈሩ ሲረገጥ እግር የማይሰምጥበት ደረጃ እንደደረሰ። የተቀመጠው ግንድ ይፈታል፣ በቢላ ጫር ተደርጎ ይታያል፤ ወተት የሚያወጣው ሕያው ነው፣ ደረቁ ለማገዶ ይሄዳል። ሕያው የሆነው በ20 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ በዚያው ቀን አፈር ውስጥ ይግባ።